በምን ይሞታል?

ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል። ከሆለታ አለፍ ብሎ በሚገኝ አንድ ግቢ እናቲቱ ዱካቸው ላይ ቁጭ ብለው ለዘር ያቆዩትን ድንች ይቆርጣሉ። ትንንሹን እንዳለ ወደ ቅርጫቱ ይጥሉታል። ትልልቁን ግን ያገላብጡና ዓይኑን ይቆጥራሉ፤ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ሦስት ዓይን እንዲደርሰው አስተካክለው ይከፍሉታል። ዘር ተወዷል፤ አንዱን ሁለት ማድረግ ያዋጣል። ቢላዋው ላይ የቀረውን ነጭ ወተት በመቀነታቸው ጫፍ ጠረግ ያደርጉና ወደሚቀጥለው ድንች ይሄዳሉ።

አጠገባቸው የቆመው ወጣት የግብርና ባለሙያ በረኪና የተበጠበጠበት ባልዲ ይዟል።

«እማማ፣ አንዱን ቆርጠው ወደ ሌላው ከመሄድዎ በፊት ቢላዋውን እዚህ ይንከሩት።»

«ንጹሕ እኮ ነው ልጄ፤ አሁን ነው ያጠብኩት።»

«የሚያጋባው ነገር በዓይን አይታይም።»

ቢላዋውን ወደ ፀሐይ አንስተው ግራ ቀኙን አዩት። «እሺ፣ ይሄ የማይታየው በምን ይሞታል?»

ባለሙያው ያሰበው ድንችን በቁሙ የሚያጠወልገውን ባክቴሪያ ነው፤ የእኛ አገር የድንች ገበሬ አብዝቶ የሚፈራው እሱን ነውና። የእናቲቱ ጥያቄ ግን ከዚያ አልፎ ይሄዳል። ሳይንስ ቫይሮይድና ፕሪዮን የሚባሉትን ሁለት ተላላፊዎች ለይቶ ያወቃቸው በማይክሮስኮፕ አይቷቸው አልነበረም። ለዓመታት ይህንኑ ጥያቄ እየደጋገመ ጠይቆ ነው።

ትእዛዝና ካባ

ኮሮና ቫይረስ ምን እንደሚመስል አስተምሮናል። እሾህ ያበቀለች የምትመስለው ኳስ በየግድግዳው ተለጥፋ ስናያት ከርመናል። ከውስጥ አርኤንኤ የሚባል ረጅም ክር አለ፤ ራሷን የምታባዛበት ትእዛዝ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። ከውጭ ከስብና ከፕሮቲን የተሠራ ካባ ለብሳለች። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ የተባልነው ያንን ካባ ለመግፈፍ ነበር።

ቫይረስ ሁሉ በመሠረቱ እንዲህ ነው፤ ትእዛዝ አለው፣ ትእዛዙን የሚሸፍን ልብስ አለው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ በሽታ ሊኖር አይችልም ተብሎ ለረጅም ጊዜ ታምኖ ነበር። በኋላ ግን ሁለቱም ዓይነት ተገኙ። ቫይሮይድ ልብስ የሌለው ትእዛዝ ነው፤ እርቃኑን የሚዞር አጭር የአርኤንኤ ክር። ፕሪዮን ደግሞ ምንም ትእዛዝ ያልተጻፈበት ፕሮቲን ብቻ ነው።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ተማሪዎቻቸው ሁለቱን እንደ መንታ ወንድማማች እንደሚይዟቸው ነግረውኛል። መማሪያ መጻሕፍት ከቫይረስ ምዕራፍ ግርጌ «ከቫይረስ የሚያንሱ» ብለው አንድ ላይ ስለሚያስቀምጧቸው ተማሪው አይፈረድበትም። እኔ ግን ይህ አቀማመጥ ያሳስተናል እላለሁ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ማነሳቸው ብቻ ነው። ከምን እንደተሠሩ፣ እንዴት እንደሚባዙ፣ ማንን እንደሚያጠቁና በምን እንደሚጠፉ ሲታይ ከእነሱ የበለጠ የሚራራቁ ተላላፊዎች ማግኘት ያስቸግራል።

አተላ የሌለው ጋን

በ1920ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ ገበሬዎች ድንቻቸው መልኩን ሲቀይር አዩ። ድቡልቡል መሆኑ ቀርቶ እየቀጠነና እየረዘመ፣ ጫፍና ጫፉ እየሾለ መጣ፤ ቁርጥ እንዝርት። በሽታው በእንግሊዝኛ የተሰየመውም በእንዝርት ነው። ከድንች ወደ ድንች ስለሚጋባ ባክቴሪያ ወይም ሻጋታ ተፈለገ፤ ሲታጣ ቫይረስ ነው ተባለ። ቫይረሱን ግን ያየው ሰው አልነበረም።

ነገሩን እስከ መጨረሻው የተከታተሉት ዙሪክ ተወልደው ወደ አሜሪካ የሄዱት ቴዎዶር ዲነር ናቸው። ሥራቸው ሜሪላንድ ውስጥ ቤልትስቪል በሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ነበር። ባልደረባቸው ዊልያም ሬይመር ተላላፊውን ለማጣራት ሲሞክሩ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ገጥሟቸው ነበር። የታመመ ተክል ጭማቂ እጅግ በፍጥነት በሚሽከረከር ማሽን ውስጥ ሲገባ ቫይረስ ካለበት ቫይረሱ ከታች ይዘቅጣል፤ ጠላ ሲጠል አተላው ከጋኑ ሥር እንደሚቀር። ይህ ግን አልዘቅጥ አለ። ከላይ የቀረው ጥርት ያለው ፈሳሽ ያው እንደ ድሮው በሽታውን ያስተላልፍ ነበር።

ስለዚህ ቀጣዩ ጥያቄ በምን ይሞታል የሚለው ሆነ። ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። ድንች ምልክቱን የሚያሳየው ዘግይቶ በመሆኑ ፈተናው የሚደረገው በቲማቲም ችግኝ ላይ ነው፤ ቅጠሉ ላይ ሸካራ ዱቄት ይነሰነሳል፣ ጭማቂው ይታሻል፣ ከዚያ ሳምንታት ይጠበቃል። ችግኙ ከቀጨጨና ቅጠሉ ከተጠቀለለ ተላላፊው አልሞተም ማለት ነው። ጭማቂው ፕሮቲንን በሚያራግፍ ፌኖል ታጠበ፤ ችግኙ ታመመ። ዲኤንኤ የሚበላ ኢንዛይም ተጨመረበት፤ አሁንም ታመመ። አርኤንኤ የሚበላ ኢንዛይም ሲጨመርበት ግን ችግኙ ለምልሞ አደገ።

እንግዲህ ነገሩ አርኤንኤ ነው፤ ያውም ልብስ የለበሰ ሳይሆን እርቃኑን ያለ፣ ከማንኛውም የታወቀ ቫይረስ በእጅጉ ያነሰ። ዲነር በ1971 ይህንን ይፋ አድርገው ቫይሮይድ የሚል ስም ሰጡት። ብዙዎች ለማመን ተቸገሩ። በዚያን ጊዜ ዕውቀት ተላላፊ የተባለ ሁሉ ቢያንስ አንድ የራሱን ፕሮቲን ማሠራት ነበረበት፤ ይህ ግን ምንም አያሠራም።

> አርኤንኤ የሚበላ ኢንዛይም ሲጨመርበት ግን ችግኙ ለምልሞ አደገ።

እንደ ማተብ የታሰረ ክር

የዚህ የድንች ቫይሮይድ ሙሉ ጽሑፍ በ1978 ተነበበ፤ 359 ፊደል ሆኖ ተገኘ። አሁን የሚያነቡትን አንቀጽ ያህል እንኳ አይረዝምም። የኮሮና ቫይረስ ትእዛዝ 30,000 ገደማ ፊደል አለው። ከ1978 ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ጀርመን ውስጥ ሃይንዝ ዜንገርና ባልደረቦቻቸው ክሩ ጫፍ እንደሌለው አሳይተው ነበር፤ እንደ ማተብ ዞሮ መጥቶ ከራሱ ጋር የተቋጠረ ነው። ይህ ቋጠሮ ለቫይሮይዱ ትልቅ ጥቅም አለው። በሕዋስ ውስጥ አርኤንኤ የሚቆራርጡ ብዙ ኢንዛይሞች ሥራቸውን የሚጀምሩት ከጫፍ ነው፤ ጫፍ ከሌለ የሚይዙት ያጣሉ። ክሩ ደግሞ በራሱ ላይ ተጣብቆ ቀጥ ያለ እንጨት ይመስላል፤ ይህም ያጠነክረዋል።

ይህን ያህል አጭር ጽሑፍ ምን ሊያዝዝ ይችላል? ብልሃቱ የሰውን መሣሪያ መዋስ ነው። በተክሉ ሕዋስ እምብርት ውስጥ ዲኤንኤን እያነበበ አርኤንኤ የሚጽፍ ኢንዛይም አለ። ሥራው ዲኤንኤ ማንበብ ነው፤ ቫይሮይዱ ግን በቅርጹ አታልሎ ራሱን ያስነብበዋል። ኢንዛይሙ ክቡን ክር እየዞረ ደጋግሞ ይገለብጠዋል፤ የተቀጣጠለው ቅጂ ይቆረጥና እያንዳንዱ ቁራጭ መልሶ ክብ ሆኖ ይታሰራል። ክሎሮፕላስት ውስጥ የሚባዙ ሌሎች ቫይሮይዶች ደግሞ ቆራጭ እንኳ አይፈልጉም፤ አርኤንኤያቸው ራሱን በራሱ ይቆርጣል። ዲነር በስተእርጅናቸው ይህንን ሲያዩ፣ እነዚህ ክሮች ፕሮቲንም ሕዋስም ሳይኖር በፊት ከነበረ ዓለም የተረፉ ቅሪቶች ይሆኑ ይሆን ብለው ጽፈዋል። እሳቸውም ረጅም ዕድሜ ኖረው በ2023 በ102 ዓመታቸው ነው ያረፉት።

በፊሊፒንስ የቢኮል አውራጃ ገበሬዎች ግን ቫይሮይድን የሚያውቁት በሞቱ ኮኮናት ዛፎች ነው። ካዳንግ ካዳንግ ይሉታል፤ በአካባቢው ቋንቋ ቀስ ብሎ መሞት ከሚል ቃል የመጣ ነው ይባላል። ስሙ በትክክል ይገልጸዋል። መጀመሪያ ፍሬው አነስ፣ ክብ ክብ እያለ ይመጣል፣ ልጡም ይጫጫራል። ቅጠሉ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ይወጣል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ፍሬ ማፍራቱን ያቆማል፤ አናቱ እየሳሳ፣ እየጠበበ ይሄድና ዛፉ ከዓመታት በኋላ ቆሞ ይደርቃል። ባለፈው ክፍለ ዘመን ከ30 ሚሊዮን በላይ ዛፍ ጨርሷል። የዚህ ቫይሮይድ ትንሹ ዓይነት 246 ፊደል ብቻ ነው። መድኃኒት አልተገኘለትም።

ድንቹን የበላ፣ ኮኮናቱን የጠጣ ሰው ግን አይታመምም። ቫይሮይድ ሰውንም ከብትንም አያጠቃም። ለሰው የሚቀርብ ዘመድ ቢኖር ሄፓታይተስ ዲ ነው፤ እሱም ክብ አርኤንኤ ነው፣ ግን 1,700 ያህል ፊደል አለው፣ የራሱን ፕሮቲንም ያሠራል፤ ካባውን ከሄፓታይተስ ቢ ካልተዋሰ ደግሞ መንቀሳቀስ አይችልም። ሄፓታይተስ ቢ ብዙ ሰው በያዘበት እንደ እኛ ባለ አገር ይህ መታወቁ ይጠቅማል፤ የቢን ክትባት የወሰደ ሰው ከዲም ተጠብቋል።

የሚያንቀጠቅጠው ሐዘን

ኩሩ የሚለው ቃል ለእኛ ሌላ ትርጉም አለው። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ምሥራቃዊ ተራሮች ለሚኖሩት ለፎሬ ሕዝብ ግን መንቀጥቀጥ ማለት ነው። በሽታው አረማመድን በማዛባት ይጀምራል። ሴትየዋ በለመደችው ቁልቁለት ትደናቀፋለች፣ ምርኩዝ ትይዛለች። ቆይቶ ያለ ሰው ድጋፍ መቆም ያቅታታል፣ እጅና አንገቷ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሯ ይኮላተፋል። አእምሮዋ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው፤ የሚሆነውን ሁሉ ታውቃለች። በአብዛኛው ዓመት ሳይሞላ ትሞታለች።

«ሴትየዋ» ያልኩት በምክንያት ነው። በብዛት የሚሞቱት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ፤ በአንዳንድ መንደር የወንዱ ቁጥር ከሴቱ እጅግ እስኪበልጥ ድረስ። ሰዎቹ መተት ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ጠላት የለበሱትን ቅዳጅ ወይም የበሉትን ትራፊ ሰርቆ ቀብሮባቸው። በ1957 ዶክተር ቪንሰንት ዚጋስና ካርልተን ጋይዱሴክ በሽታውን ለዓለም ሲገልጹ በዘር የሚወረስ መስሏቸው ነበር።

መንገዱን ያሳዩት የሰዉን ቃል ቁጭ ብለው የሰሙ ሰዎች ናቸው። ሸርሊ ሊንደንባምና ሮበርት ግላስ የተባሉ የሥነ ሰብእ ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ መጀመሪያ መንደር ለመንደር እየዞሩ ሽማግሌዎችን ጠየቁ፤ የመጀመሪያው በሽተኛ ማን ነበር? መቼ? እንዴት መጣ? የተገኘው መልስ በሽታው አዲስ እንደሆነ፣ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ሲመጣ ያዩት እንደሆነ የሚያሳይ ነበር። በዘር የሚወረስ በሽታ እንዲህ በአንድ ትውልድ ውስጥ አይዛመትም። መልሱ የተገኘው በሐዘን ልማዳቸው ውስጥ ነው፤ ፎሬዎች ሟቻቸውን ይበሉ ነበር። በጠላትነት አልነበረም፤ የሚወዱትን ሰው ለአፈርና ለትል ከመስጠት በራሳቸው ሰውነት ማሳረፍ ይሻላል ብለው ነበር። አንጎሉን የሚካፈሉት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የአውስትራሊያ አስተዳደር በ1950ዎቹ ልማዱን ከከለከለ በኋላ የተወለደ ልጅ በኩሩ አልታመመም። ከዚያ በፊት የተጋለጡት ግን መሞታቸውን ቀጠሉ፤ በሽታው ከሃምሳ ዓመት በላይ አድፍጦ የተነሣባቸው ሰዎች ነበሩ።

በ1959 ዊልያም ሃድሎው የተባሉ አሜሪካዊ የእንስሳት ሐኪም ለንደን ውስጥ የኩሩ በሽተኞችን አንጎል ፎቶግራፍ አዩ። እሳቸው የሚያጠኑት ስክሬፒን ነበር፤ በጎች ጸጉራቸው እስኪረግፍ አጥር ላይ የሚፋተጉበት፣ በአውሮፓ ከሁለት ክፍለ ዘመን በላይ የታወቀ በሽታ። የሁለቱ አንጎል እንደ ስፖንጅ ተበሳስቶ አንድ ዓይነት ሆኖ አገኙት። ስክሬፒ ከበግ ወደ በግ እንደሚተላለፍ ቀድሞ ታውቋል፤ ታዲያ ኩሩስ? እሳቸው በጻፉት አጭር ደብዳቤ መነሻነት ከኩሩ ሟቾች አንጎል የተወሰደ ናሙና ለቺምፓንዚዎች ተሰጠ። ሁለት ዓመት ያህል ምንም ሳይታይ ቆየ፤ ከዚያ ቺምፓንዚዎቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ።

ጨረር የማይገድለው

እዚህም በምን ይሞታል የሚለው ጥያቄ ተነሣ። ደቡብ አፍሪካ የተወለዱት የጨረር ሳይንቲስት ቲክቫ አልፐር ለንደን ውስጥ በስክሬፒ ናሙና ላይ አልትራቫዮሌት ጨረር አበሩ። ዲኤንኤም ሆነ አርኤንኤ ያለው የታወቀ ቫይረስ በዚያ መጠን ትእዛዙ ተበላሽቶ ያልቅለታል። ስክሬፒ አልሞተም። በ1967 ጆን ግሪፊት የተባሉ የሒሳብ ሰው፣ ፕሮቲን ብቻውን ራሱን ሊያዛምት የሚችልባቸውን መንገዶች በወረቀት ላይ አሰሉ።

በ1972 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በነርቭ ሕክምና የሚሠለጥኑት ወጣቱ ስታንሊ ፕሩሲነር አንዲት በሽተኛ ተቀበሉ። እንደ ኩሩና እንደ ስክሬፒ አንጎልን በሚበሳሳው በክሮይትዝፌልት ያኮብ በሽታ አእምሮዋ በወራት ውስጥ እየከሰመ ሄዶ ሞተች። በሽታውን ምን እንደሚያመጣው የሚያስረዳ አጡ። በ1982 የስክሬፒ ተላላፊ ፕሮቲን ነው ብለው ፕሪዮን የሚል ስም ሲያወጡለት የተቃወማቸው ብዙ ነበር። በ1997 የኖቤል ሽልማት ብቻቸውን ተቀበሉ።

ፕሮቲን እንዴት ይባዛል ለሚለው ከማር የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የቀለጠ ማር ዕቃ ውስጥ አንድ ማንኪያ የረጋ ማር ጣል ያድርጉበትና ይተዉት። ከጊዜ በኋላ ዕቃው ሁሉ ይረጋል። ማሩ አልበዛም፤ ሌላ ነገርም አልሆነም። የረጋው፣ ያልረጋውን በራሱ መልክ እንዲደረደር አደረገው።

> ማሩ አልበዛም፤ ሌላ ነገርም አልሆነም።

ፕሪዮንም እንዲሁ ነው። የሁላችንም የነርቭ ሕዋስ ላይ አንድ ጤነኛ ፕሮቲን አለ፤ የምንሠራው ከራሳችን ዘረ መል ነው። ያው ፕሮቲን ተሳስቶ በሌላ መልክ ሲታጠፍ ፕሪዮን ይሆናል፤ የተሠራባቸው አሚኖ አሲዶችም ሆኑ ቅደም ተከተላቸው አይለወጥም። ልዩነቱ አተጣጠፉ ላይ ብቻ ነው። የተሳሳተው ጤነኛውን ነክቶ በራሱ መልክ ያሳጥፈዋል፤ እነዚያም ሌሎቹን። የተከመረው ፕሮቲን አንጎሉን ይበሳሳዋል። ክርክሩን የዘጋው አይጥ ነው፤ ይህን ፕሮቲን የሚያሠራው ዘረ መል የወጣባቸው አይጦች የስክሬፒ ናሙና ቢሰጣቸውም አልታመሙም። የሚረጋ ማር አልነበራቸውም።

ትኩሳት የለም፣ እብጠት የለም። ሰውነት የራሱን ፕሮቲን እንደ ጠላት ስለማያየው አይዋጋውም። ከዚህ የተነሣ ፕሪዮን ሌላ ተላላፊ የሌለው ባሕርይ አለው፤ ከውጭ ሳይገባም ሊነሣ ይችላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን ሰው አንዱ ወይም ሁለቱ በክሮይትዝፌልት ያኮብ ይያዛሉ፤ አብዛኞቹ ከማንም አልተላለፈባቸውም። አንድ የጣሊያን ቤተሰብ ደግሞ ለትውልዶች እንቅልፍ እያጣ የሚሞተው በዚሁ ፕሮቲን ዘረ መል ላይ ባለ አንድ ስህተት ነው። ቫይሮይድ እንዲህ አይሆንም። ሁልጊዜ ከሌላ ተክል ይመጣል፤ በቢላዋ፣ በእጅ፣ በዘር ወይም በጽጌ ብናኝ።

ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ላይ

ሁለቱ ታሪኮች አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ዲነር በ1972፣ የስክሬፒ አምጪ ቫይሮይድ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። ጨረር የማይነካው እጅግ ትንሽ በመሆኑ ከሆነ ቫይሮይድም ትንሽ ነው፤ ግምቱ ሊናቅ የሚገባው አልነበረም። ከአሥር ዓመት በኋላ ዲነር ከፕሩሲነርና ከባልደረባቸው ከማኪንሊ ጋር ሆነው የድንቹን ቫይሮይድና የበጉን ተላላፊ በአንድ ዓይነት መርዞች ፈተኗቸው።

አርኤንኤ የሚበላ ኢንዛይም፤ ቫይሮይዱ ሞተ፣ ስክሬፒ ምንም አልሆነ። የትእዛዙን ፊደል የሚያበላሽ ኬሚካል፤ እንደዚያው። ፕሮቲን የሚፈጩ ኢንዛይሞች፤ ስክሬፒ ተዳከመ፣ ቫይሮይዱ ደህና ነበር። ዩሪያ፣ ፌኖል፣ ፕሮቲን የሚፈታ ጠንካራ ሳሙና፤ ስክሬፒን ጎዱት፣ ቫይሮይዱን አልነኩትም። አንዱን የሚገድለው ሌላውን አይገድለውም፤ ሠንጠረዡ ከላይ እስከ ታች ተገላቢጦሽ ነው። ዲነር በጽሑፉ ላይ ስማቸውን ሲያስቀምጡ የራሳቸውን ግምት ውድቅ የሚያደርግ ማስረጃ ላይ መፈረማቸው ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ አብልጬ የማከብረው ይህንን ነው።

ጥሬና ብስል

አብዛኞቻችን ፕሪዮንን የምናውቀው በእብድ ላም በሽታ በኩል ነው። በ1986 እንግሊዝ ውስጥ የሚንገዳገዱ፣ የሚደናበሩ፣ መነሣት የሚያቅታቸው ላሞች አንጎል ሲመረመር እንደ ስፖንጅ ተበሳስቶ ተገኘ። ላሞቹ ወተት እንዲጨምሩ ተብሎ ከሌሎች እንስሳት ሥጋና አጥንት የተፈጨ መኖ ይሰጣቸው ነበር። ላም ላምን በላች፤ ፎሬዎች ላይ የደረሰው በበረት ተደገመ። በመጋቢት 1996 የእንግሊዝ መንግሥት በሽታው ወደ ሰው ሳይተላለፍ እንዳልቀረ አመነ። በዚያች አገር 178 ሰዎች ሞቱበት፤ ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ። ለንደን ኖረው ወደ አሜሪካ የተሻገሩ ኢትዮጵያውያንም ሳይቀሩ ደም ልስጥ ሲሉ የተመለሱት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከ1980 እስከ 1996 ባለው ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ በድምሩ ሦስት ወር የቆየ ሰው ደም እንዳይሰጥ የሚከለክለው ደንብ የተነሣው በ2022 ነው።

አንድ የሥጋ ቤት ደንበኛ፣ ቁርጡን ከፊቱ አድርጎ፣ «እነሱ አብስለው በልተው ከታመሙ እኛ ጥሬ የምንበላው ምን ልንሆን ነው?» ብሎኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ምድጃው ላይ የለም። ኮሶ በእሳት ይሞታል። ፕሪዮን አይሞትም፤ ክትፎው ጥሬ ሆነ ለብለብ ወይም የበሰለ፣ ለፕሪዮን ለውጥ የለውም። ወሳኙ ላሟ የበላችውና ሰው የሚበላው ክፍል ነው። ፕሪዮን በብዛት የሚከማቸው በአንጎልና በአከርካሪ ውስጥ ባለው ሕብለ ሰረሰር ነው። የእኛ ከብት ደግሞ በአብዛኛው የሚያድገው በሣር፣ በጭድ፣ በፋጉሎና በአተላ ነው። የከብት ማደለብ ሥራ እየሰፋ ሲሄድ መኖው ከምን እንደተሠራ የሚጠይቅ ተቆጣጣሪ መኖር አለበት ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ ሌላ ዓይናችንን ልናነሣበት የማይገባ ዜና ከሰሃራ በኩል መጥቷል። በ2018 የአልጄሪያ ተመራማሪዎች በዋርግላ ቄራ የሚታረዱ ግመሎች ላይ የፕሪዮን በሽታ ማግኘታቸውን ገለጹ፤ በቀጣዩ ዓመት ቱኒዚያም ውስጥ ተገኘ። እረኞቹ የግመሎቹን መንቀጥቀጥና መውደቅ ከሳይንቲስቶቹ በፊት ያውቁት ነበር። ወደ ሰው ሲተላለፍ አልታየም። ግን አፋር፣ ሶማሌና ቦረና ላይ የግመል ወተትና ሥጋ የዕለት ምግብ በሆነበት አገር፣ የምትንገዳገድ ግመል ያየ እረኛ ለማን እንደሚናገር ሊያውቅ ይገባል።

ሁለት የብር ሽቦዎች

እናቲቱ ስለ ቢላዋው የጠየቁት በቀዶ ሕክምና ክፍልም ተጠይቋል። በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ዲነር በተወለዱባት በዙሪክ፣ በአንዲት አሮጊት አንጎል ውስጥ ቀጫጭን የብር ኤሌክትሮዶች ገብተው ነበር። ሴትየዋ በኋላ በክሮይትዝፌልት ያኮብ መያዛቸው ታወቀ። ሽቦዎቹ በቤንዚን ታጠቡ፣ በአልኮል ተወለወሉ፣ በፎርማሊን ጭስ ታጠኑ። ማንኛውም ባክቴሪያ፣ ማንኛውም ቫይረስ በዚያ ይሞታል። ከዚያ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሁለት ወጣቶች፣ አንዷ 23፣ ሌላው 17 ዓመታቸው፣ በእነዚሁ ሽቦዎች ተመረመሩ። ሁለቱም በዚያው በሽታ ሞቱ። ሽቦዎቹ ተቀምጠው ቆይተው፣ ደጋግመው ከጸዱ በኋላ፣ ከሁለት ዓመት በላይ ዘግይቶ በአንድ ቺምፓንዚ አንጎል ውስጥ ሲገቡ እሱንም ገደሉት።

ፎርማሊን ፕሮቲንን ባለበት መልክ ያደርቀዋል። ለፕሪዮን ይህ መገደል ሳይሆን መጠበቅ ነው። የተለመደው የሕክምና ዕቃ መቀቀያ ሙቀትም አይበቃውም። ፕሪዮን የሚፈራው ኮስቲክ ሶዳን፣ ከተለመደው ከፍ ያለና ረዘም ያለ የእንፋሎት ሙቀትን፣ እና አንድ የሚያስገርም ነገር ነው፦ በረኪና። በባልዲ እንደሚበጠበጠው የቀጠነ ሳይሆን ጠንካራው፣ ያውም አንድ ሰዓት ሙሉ ተነክሮ። ይህ ደግሞ ጥሩውን ብረት ይበላዋል። ቫይሮይድንና ፕሪዮንን ከሚያስታርቁት ጥቂት ነገሮች አንዱ ይኸው የእናቲቱ ባልዲ ነው፤ ልዩነቱ ውፍረቱና ጊዜው ላይ ነው።

አንድ በውጭ አገር የሚሠሩ የአንጎል ቀዶ ሐኪም አሠራሩን እንዲህ ነገሩኝ። ምክንያቱ ካልታወቀ የአእምሮ መክሰም የአንጎል ናሙና ሲወሰድ፣ መሣሪያዎቹ ከሥራ በኋላ ወደ ማጠቢያው አይመለሱም። ትሪው እንዳለ ይታሸጋል፣ ቀንና ቁጥር ይጻፍበታል፣ ቁልፍ ባለው ቁምሳጥን ውስጥ ይገባል። የናሙናው ውጤት ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። እስከዚያ ድረስ መቀሱም፣ መቆንጠጫውም፣ ቢላዋውም እንዳበራ ተቀምጧል፤ ማንም አይነካውም።